ብርቅነት ወይስ ይዞታ? የዋግነርና የማንትል ካርዶች

የቆየ የቤዝቦል ካርድን፣ ማለትም የተጫዋች ሥዕል የታተመበትን ትንሽ ወረቀት፣ ውድ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሁለት ዝነኛ የአሜሪካ ካርዶችን እንያቸው።

የተጫዋቹ የሆነስ ዋግነር ካርድ እ.ኤ.አ. ከ1909 ጀምሮ ከሲጋራ ጋር ይወጣ ነበር። ዛሬ የሚታወቁት 60 ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ቢቀደድም ፈላጊ አያጣም። በ2022 ግማሹ የሌለ አንድ ካርድ 1.5 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቷል። ግማሽ ወረቀት!

ቶፕስ የተባለው ኩባንያ በ1952 ያወጣው የተጫዋቹ የሚኪ ማንትል ካርድ ግን ከሺህ በላይ አለ። እዚህ ወሳኙ ይዞታው ነው። ጥጎቹ ሹል፣ ቀለሙ ያልደበዘዘ፣ ሥዕሉ መሀል ላይ የተቀመጠ መሆን አለበት። ይዞታው ተመዝኖ ከ10 9.5 ያገኘው በ2022 በ12.6 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። የታጠፈው፣ ጥጉ የተበላው ግን የዚህን ሽራፊ ነው የሚያወጣው።

እኔ ብጠየቅ ዋግነርን እመርጣለሁ። ንጹህ ማንትል የያዘ ሰው አንድ እጥፋት እንዳያርፍበት ሲሳቀቅ ነው የሚኖረው።