ባለ 50 ሊትሩ ቦይለሬ ከ17 ወር በኋላ፦ ውሃው ከየት ነው የሚያንጠባጥበው?

ይህን ቦይለር የገዛሁት ጥቅምት 2016 ነው። አሁን መጋቢት 2017 ላይ ነን። በነዚህ 17 ወራት ውሃና መብራት ከጠፋበት ቀን በስተቀር ያልተጠቀምንበት ቀን የለም። ሁለት ጊዜ አንጠባጥቦብናል። የመጀመሪያው ጭራሽ ብልሽት አልነበረም። ሁለተኛው ግን ዕቃውን ሊያስጥለን ምንም አልቀረውም። እኔ ሁለቱን መለየት ስላልቻልኩ በመጀመሪያው ያለ ምክንያት ደነገጥኩ፣ በሁለተኛው ደግሞ መድረስ በነበረብኝ ጊዜ አልደረስኩም። ይህን የምጽፈው ሌላ ሰው በዚያ መንገድ እንዳይሄድ ነው።

የብራንዱን ስም ትቼዋለሁ። ተከፍተው ያየኋቸው ባለ ታንከር ቦይለሮች ውስጣቸው ተመሳሳይ ነው፦ ውስጡ ኢናሜል (ከዝገት የሚከላከል ሽፋን) የተቀባ የብረት ታንከር፣ ዙሪያውን ሙቀት የሚይዝ ፎም፣ ከሥር በብሎን የታሰረ ክዳን፣ ክዳኑ ላይ ውሃውን የሚያሞቀው ሬዚስታንስ፣ ውሃው ሲሞቅ መብራቱን የሚቆርጠው የቴርሞስታት ቱቦና የማግኒዥየም ዘንግ። ዘንጉን አስታውሱት፣ እመለስበታለሁ።

መጀመሪያ ጥሩውን ልንገራችሁ። የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም 3ኛ ፎቅ ነው፣ አራት ሰው ነን። 50 ሊትር ለአራት ሰው ተከታትለን ከታጠብን አይበቃም፣ ሁለት ሰው ታጥቦ ግማሽ ሰዓት ማረፍ ይፈልጋል። ሬዚስታንሱ 1500 ዋት ነው። የጠዋቱን ቀዝቃዛ ውሃ ከ18 ዲግሪ አካባቢ ወደ 60 ለማድረስ 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል፣ የሚበላውም ወደ 2.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ማታ ሞቆ መብራት ቢሄድ እንኳ ጠዋት ልጆቹን ለማጠብ የሚበቃ ለብ ያለ ውሃ ይኖራል። ፎሙ ሥራውን ይሠራል። ጎረቤቶቻችን ያስገቡት ያለ ታንከር ወዲያው የሚያሞቀውን ዓይነት ነው፤ እሱ ጎበዝ ነው፣ ግን ብዙ ኃይል ስለሚስብ እንጀራ ምጣድ ከተሰካ ብሬከሩ ይጥላል። የኛ 7 አምፔር አካባቢ ብቻ ስለሚወስድ ከምጣዱ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ለኛ ቤት ይህ ትልቅ ነገር ነው።

አሁን ወደ ውሃው።

ከተገጠመ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ባኞ ቤቱ ወለል ላይ ውሃ አየሁ። ቀና ስል ቀዝቃዛው ውሃ በሚገባበት በኩል፣ ሰማያዊ ምልክት ያለበት ጋ ከተገጠመችው ትንሽ ቫልቭ ጠብ፣ ጠብ ይላል። አዲስ ዕቃ! የገጠመልኝን የቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁት። መጣ፣ አየ፣ «ወንድሜ፣ ሴፍቲ ቫልቩ ችግር አለበት፣ ይቺን ቀዳዳ ልድፈንልህ፣ ትገላገላለህ» አለኝ። መድፈኛውንና ቴፍሎኑን እጁ ላይ ይዟል። እኔም እሺ ልል ነበር። ግን የእህቴ ባል ሆቴል ውስጥ የጥገና ሠራተኛ ስለሆነ ለማንኛውም ብዬ ደወልኩለት። «እንዳታስነካው!» አለኝ። እንደዚያ ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ውሃ ሲሞቅ ይሰፋል። 50 ሊትር ውሃ ከቀዝቃዛ ተነስቶ 60 ዲግሪ ሲደርስ መጠኑ ከግማሽ ሊትር በላይ ይጨምራል። ቫልቩ ውስጥ ውሃው ወደ መጣበት እንዳይመለስ የሚያደርግ ነገር ስላለ፣ ያ ትርፍ ውሃ የትም መሄጃ የለውም። ግፊቱ ሲበዛ ቫልቩ ራሱ ከፍቶ ያንጠባጥበዋል። የተሠራውም ለዚህ ነው። የኔ ላይ 0.8 ሜጋፓስካል የሚል ተጽፎበታል፣ 8 ባር ማለት ነው። ቀዳዳው ተደፍኖ ቴርሞስታቱ አንድ ቀን አልቆርጥም ቢል፣ ውሃው መፍላቱን ይቀጥላል፣ ግፊቱም ይጨምራል፣ ከዚያ የሚቀረው ታንከሩ መፈንዳት ነው። ከጭንቅላታችን በላይ ተሰቅሎ። ልጆቼ በሚታጠቡበት ቤት።

ለማረጋገጥ ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከቫልቩ ሥር አሰርኩ። ቦይለሩን ከቀዝቃዛ አስነስቼ እስኪቆርጥ ጠበቅኩ። ሃይላንዱ ሞልቶ ትንሽ ፈሰሰ። መብራቱ ቆርጦ ጥቂት ቆየት ሲል ጠብታውም ቆመ። ስሌቱ ልክ ነበር። ከዚያ በኋላ ቀዳዳው ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አስገብቼ ቁልቁል ወደ ወለሉ ማፍሰሻ ወሰድኩት። ጫፉ ክፍት ነው፣ ውሃ ውስጥ አልተነከረም፣ ምንም ነገር አልዘጋውም። ቫልቩና ታንከሩ መሃል ደግሞ ሌላ መዝጊያ እንዳይገባ፣ ያም ከመድፈን አይለይም።

ቫልቩ መታየት ያለበት ቦይለሩ ጠፍቶ፣ ውሃው ቀዝቅዞ፣ እንደዚያም ሆኖ ቀንና ሌሊት የሚያንጠባጥብ ከሆነ ነው። እኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ቆይቶ ሲለቀቅ አየርና አሸዋ ይዞ ይመጣል፣ ያ አሸዋ ቫልቩ ውስጥ ይቀረቀራል። በወር አንዴ ትንሿን ማንሻ ለጥቂት ሰከንድ ከፍ አድርጌ አጥባታለሁ። የሚወጣው ውሃ ትኩስ ሊሆን ስለሚችል እጃችሁን አርቁ። አንድ ጊዜ አጥቤያት አልሆን ስላለ በአዲስ ቀየርኳት፣ ርካሽ ዕቃ ናት።

በነገራችን ላይ ይቺ ማንሻ ለሌላም ትጠቅማለች። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሮቶውም ባዶ ሲሆን፣ ታንከሩ ውስጥ 50 ሊትር ተቀምጧል። ብሬከሩን አጥፍታችሁ፣ ውሃው እስኪቀዘቅዝ ጠብቃችሁ፣ አየር እንዲገባ የሙቁን ውሃ ቧንቧ ከፍታችሁ ማንሻዋን ብታነሱ ውሃው ቀስ እያለ ወደ ባልዲ ይወርዳል። ለሽንት ቤትና ለዕቃ ማጠቢያ ተጠቅመንበታል። ታንከሩ እስኪሞላ ግን ብሬከሩን እንዳትነኩት፣ ሬዚስታንሱ ያለ ውሃ ከበራ ይቃጠላል።

ሁለተኛው ማንጠባጠብ ነሐሴ ላይ መጣ፣ በፍልሰታ ጾም። ከታች ያሉት እናት ከቤተክርስቲያን ሲመለሱ ደረጃው ላይ አገኙኝና «ልጄ፣ የሻወር ቤቴ ጣራ ላይ እርጥበት አየሁ፣ ከናንተ ይሆን እንዴ?» አሉኝ። እኔ ቱቦዋን አስቤ «እማማ፣ እሱ ኖርማል ነው፣ በማፍሰሻው ነው የሚሄደው» አልኳቸው። እሳቸውም አመኑኝ። በዚያ ሰሞን ብሬከሩ ሁለት ጊዜ ጥሎ ነበር፣ መብራቱ እየመጣ እየሄደ ስለነበር ከሱ ነው አልኩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲሁ አለፈ። በዚህ እስካሁን ይቆጨኛል።

ያነቃኝ የውሃው ቀለም ነው። ባለቤቴ ግድግዳውን ስትወለውል ነጩ ጨርቅ ላይ ሻይ የመሰለ ነገር አየች። የቫልቩ ውሃ ንጹሕ ነው፣ ዝገት የለበትም። ይሄ ሌላ ነበር። ብሬከሩን አጠፋሁ። ከዚያ ሶፍት ይዤ ሁሉንም ቦታ አደረቅሁ፦ ሰማያዊውን መግቢያ፣ ቀዩን መውጫ፣ ቫልቩን፣ የታችኛውን የፕላስቲክ ክዳን ዙሪያ። አዲስ ሶፍት ቀድጄ እየጠቀለልኩ በየቦታው አስቀመጥኩና አሥር ደቂቃ ጠበቅኩ። መግቢያና መውጫው ደረቅ። ከክዳኑ ሥር፣ ሽቦው በሚወጣበት በኩል ያስቀመጥኩት ሶፍት ግን ርሶ ቡናማ ሆኗል። ውሃው ከክዳኑ ውስጥ፣ የኤሌክትሪኩ ሽቦ ባለበት ነበር ማለት ነው። ብሬከሩ ለምን ይጥል እንደነበር ያኔ ገባኝ። በእርጥብ እጅ ነክቼው ቢሆንስ? የመሬት ሽቦውን ያለ ምንም ክርክር ያስገጠመኝን የእህቴን ባል ዛሬም አመሰግነዋለሁ።

እሑድ መጥቶ አብረን ከፈትነው። ውሃው በዚያች ማንሻ እስኪያልቅ ረጅም ጊዜ ጠበቅን። የፕላስቲኩ ክዳን ሲወርድ ከብሎኖቹ ሁለቱ ዝገው ቀይ ዱቄት ሆነዋል። ብረቱን ክዳን ፈትተን ስናወርደው የቀረው ውሃ ከነጭቃው ሳፋው ላይ ተደፋ፦ ነጭና ቡናማ ቅርፊት፣ እንደ ተሰባበረ የእንቁላል ልጣጭ፣ ከሥሩ ደግሞ ጥሩ አድርጎ የተፈጨ አሸዋ። አንድ ጆግ ሙሉ ወጣው። የኛ የከተማ ክፍል በብዛት የሚጠጣው የአቃቂን የከርሰ ምድር ውሃ ነው፣ እሱ ደግሞ ከለገዳዲና ከገፈርሳ ግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛበታል። የሻይ ማንቆርቆሪያችን ውስጡ ነጭ ቅርፊት ሲያወጣ ዓመታት አይተነዋል። ቦይለሩም በየቀኑ የሚፈላ ማንቆርቆሪያ መሆኑን ግን አስቤው አላውቅም ነበር።

የማግኒዥየሙ ዘንግ ነገር ደግሞ ልዩ ነው። በኋላ የገዛሁት አዲሱ አውራ ጣቴን ያክላል። የወጣው ግን የስክሪብቶ ቀፎ አክሎ፣ ተቦርቡሮ፣ ሁለት ቦታ ላይ መሃል ያለው ሽቦ ራሱ ይታይ ነበር። የዘንጉ ሥራ መበላት ነው። ኢናሜሉ ትንሽ የተሰነጠቀበት ቦታ ሲኖር ውሃው ታንከሩን ትቶ ማግኒዥየሙን እንዲበላ ነው የተደረገው። ዘንጉ ሲያልቅ ተራው የታንከሩ ነው። እኛ በሰዓቱ ደረስን፣ በባትሪ ውስጡን ስናየው ኢናሜሉ ደህና ነበር። ያለቀው ጎማው ነው፣ በክዳኑና በታንከሩ መሃል ያለው ጓርኒሲዮን። ደርቆ፣ በአንድ በኩል ተሰንጥቆ።

የሸጠልኝ ሱቅ ሄድኩ። ዋስትናው ለታንከሩ 5 ዓመት፣ ለኤሌክትሪክ ዕቃው 1 ዓመት ነው፣ እኔ ገና 10 ወሬ ነበር። «ጓርኒሲዮን በዋስትናው አይሸፈንም» አሉኝ። «መለዋወጫም የለንም» አሉ። ወረቀቱ ላይ በደቃቅ ጽሑፍ ዘንጉ በየዓመቱ ካልታየ የታንከሩ ዋስትና እንደማይሠራ ተጽፏል። በአማርኛ አይደለም፣ ሲሸጡልኝም ማንም አልነገረኝም። ይህን ነገር በጣም ነው የምወቅሰው። ሰው አንድ ዓረፍተ ነገር ቢነገረው ምን ነበር? ስትገዙ «ዘንጉና ጓርኒሲዮኑ ለብቻው አላችሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ከሌላቸው ሌላ ሱቅ ሂዱ። እኔ መርካቶ አሮጌውን በፌስታል ይዤ ስዞር ዋልኩ። በቃል ለማስረዳት አትሞክሩ፣ የቀዳዳው ቁጥርና ስፋት ይለያያል፣ አሮጌውን አስይዙና ልክ ይለኩላችሁ። ሁለት ጓርኒሲዮን ገዛሁ። ሁሉም ተደምሮ አዲስ ቦይለር ከሚፈጀው አንድ አሥረኛ አልደረሰም።

ሬዚስታንሱን ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፈነው ቅርፊቱ በጠዋት በጨርቅ ለቀቀ። የጎማው መቀመጫ እስኪጠራ ተጠረገ። ብሎኖቹን በዙር ሳይሆን ፊት ለፊት ያሉትን እየተፈራረቅን ቀስ በቀስ አጠበቅን፣ አለበለዚያ ጎማው በአንድ በኩል ይቀረቀራል። ከዚያ የሙቁን ቧንቧ ከፍቶ ታንከሩን መሙላት፣ አየሩ አልቆ ውሃው ሳይንተፋተፍ ሲፈስ መዝጋት፣ ሶፍቱን ደግሞ ማስቀመጥ። ደረቅ። ብሬከሩ የበራው ከዚያ በኋላ ነው።

ውሃው ከጎማውም ከመገጣጠሚያውም ሳይሆን በፎሙ ውስጥ አልፎ ከቆርቆሮው ስፌት የሚወጣ ከሆነ ግን ታንከሩ ራሱ ተበስቷል። ለዚያ መድኃኒት የለውም። ማጣበቂያ ግፊቱን አይችልም፣ ብየዳ ደግሞ ኢናሜሉን አቃጥሎ ሌላ ቦታ ይበሳዋል። ፊት ለፊታችን ያሉት ጎረቤቶች አሮጌውን ቦይለራቸውን በዚህ ነው የጣሉት፣ 4 ዓመት ዘንጉን ማንም አላየላቸውም። እንጠግነዋለን ብሎ ገንዘብ የሚቀበላችሁን አትስሙ።

ደግሜ እገዛዋለሁ? አዎ፣ ግን ባለ 80 ሊትሩን። ያልወደድኩት የታች ብሎኖቹ ቶሎ መዛጋቸውን፣ ለብቻው የውሃ ማፍሰሻ አለመኖሩን፣ ዲግሪውን ለመቀየር ክዳኑን መፍታት ማስፈለጉን ነው።

ባለፈው ሳምንት፣ ከ7 ወር በኋላ፣ እንደገና ከፈትነው። ዘንጉ ግማሹ አልቋል፣ ጓርኒሲዮኑ ለስላሳ ነው፣ ቅርፊቱ አንድ ብርጭቆ አይሞላም። ሁለተኛዋን ጓርኒሲዮን አስገብተን ዘጋነው፣ አዲስ ዘንግ መስከረም ላይ ይገባል። የእማማ ጣራ ከደረቀ ቆይቷል፣ ቡናማው ዙሪያ ግን አልለቀቀም። ለፋሲካ አስቀባሎታለሁ ብያቸው ቀለሙን ገዝቻለሁ።