ለሞተርሆም (እንደ ቤት ለሚኖርበት መኪና) የትኛው ኢንቨርተር ይሻላል?

የ12 ቮልት ባትሪን ወደ ቤት መብራት የሚቀይሩ ኢንቨርተሮች በብዛት ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሞዲፋይድ (የኤሌክትሪክ ሞገዱ ደረጃ ደረጃ የሆነ) እና ፒዩር ሳይንዌቭ (ሞገዱ ለስላሳ የሆነ)።

ሞዲፋይዱ ዋጋው ረከስ ይላል። ለአምፖልና ለተራ ስልክ ቻርጀር ይበቃል። ማይክሮዌቭ ሲሰኩበት ግን እዝዝ ይላል፣ ምግቡም ቶሎ አይሞቅም። የፋን ሞተርም ይግላል። ፒዩሩ የሚሰጠው ኃይል ልክ እንደ ቤት መብራት ነው፤ ላፕቶፑም ማይክሮዌቩም ያለ ችግር ይሠሩበታል። እኔ ዋቱ አነስ ቢልም ፒዩሩን ነው የምመርጠው።

ሽቦው ላይ ግን ልዩነት የላቸውም። 1000 ዋት ሲጫንባቸው ሁለቱም ከባትሪው ከ83 አምፔር በላይ ይስባሉ። ቀጭን ሽቦ ይህን አይችልም፤ ይግላል፣ ላስቲኩም ይቀልጣል። ስለዚህ ወፍራምና አጭር ኬብል ይግዙ። ፊውዙን ከባትሪው ፖዘቲቭ አጠገብ ያስሩት። ኢንቨርተሩ ጋ ካሰሩት፣ መሃል ላይ ያለው ሽቦ ሾርት ቢያደርግ የሚያቋርጠው ነገር የለም።