የሴሊኑክስ «ሚኒመም» ፖሊሲ ለአነስተኛ መሥሪያ ቤት ሰርቨር፦ ከደብረ ማርቆስ የተጻፈ ግምገማ

በደብረ ማርቆስ የሚገኝ አንድ የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን የአባላቱን መዝገብ፣ የማዳበሪያ ድልድሉንና የእህል ግዥ ሰነዶቹን የሚይዝበት ሰርቨር ፌዶራ በተባለው የሊኑክስ ዓይነት ይሠራል። እኔም በዚህ ሰርቨር ላይ የሊኑክስ የጥበቃ ሥርዓት የሆነውን የሴሊኑክስን «ሚኒመም» የተባለ ፖሊሲ (የሕግ ስብስብ) ጭኜ ስለማስተዳድር፣ በአንድ ባለሙያና በአንድ ማሽን ለሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ይጠቅማል ያልሁትን እጽፋለሁ።

በተለመደው የሊኑክስ አሠራር ፋይሉን ማን ያንብብ፣ ማን ይጻፍበት የሚለውን የሚወስነው የፋይሉ ባለቤት ነው። ሴሊኑክስ የሚከተለው አስገዳጅ የመዳረሻ ቁጥጥር ግን ሥልጣኑን ከባለቤቱ እጅ አውጥቶ በከርነሉ (በሥርዓቱ እምብርት) ውስጥ ለተጫነ ፖሊሲ ስለሚሰጥ፣ አጥቂ በድረ ገጹ በኩል ሰብሮ ቢገባ እንኳ ለድረ ገጹ ፕሮግራም ከተፈቀደው አልፎ ወደ ሌላው መዝገብ እንዳይሻገር ይገታዋል። ሴሊኑክስን የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2000 ለሕዝብ የለቀቀው ሲሆን፣ በ2003 ወደ ዋናው የሊኑክስ ከርነል ገብቷል። ከ2014ቱ አንድሮይድ 5.0 ወዲህ በስልኮቻችንም ላይ ሙሉ በሙሉ በሥራ ላይ ስለዋለ፣ ለትልልቅ ድርጅቶች ብቻ የተሠራ አድርጎ ማየት ተገቢ አይደለም።

ፌዶራ ሲጫን አብሮ የሚመጣው «ታርጌትድ» ፖሊሲ ለብዙ አገልግሎቶች የተጻፉ ሞጁሎችን (የየአገልግሎቱን የሕግ ክፍሎች) አብርቶ ይነሣል። «ሚኒመም» ከዚሁ የተወሰደ ሆኖ አብዛኞቹን ሞጁሎች ያጠፋቸዋል፤ የሚፈልጋቸውን የሚያበራው አስተዳዳሪው ነው። ከዚህም የባሰ ትንሽ ፖሊሲ የሚፈልግ ሰው በከርነሉ ምንጭ ኮድ ውስጥ ሁሉንም ነገር በአንድ ዓይነት ሌብል (ሴሊኑክስ በፋይልና በፕሮግራም ላይ በሚለጥፈው መለያ) የሚሸፍንና ሁሉንም የሚፈቅድ ፖሊሲ የሚያመነጭ «ኤምዲፒ» የተባለ አነስተኛ ፕሮግራም ያገኛል፤ እርሱ ግን ለመማሪያና ለሙከራ እንጂ ለጥበቃ አይሆንም።

አጫጫኑ ትዕግሥት እንጂ የተለየ ጥበብ አይጠይቅም። በቅድሚያ ሴሊኑክስን ወደ «ፐርሚሲቭ» (ሳይከለክል መዝግቦ ብቻ ወደሚያልፍበት ሁኔታ) ማዛወር፣ ቀጥሎ በማዋቀሪያው ፋይል የፖሊሲውን ዓይነት መለወጥ፣ ከዚያም የፋይሎቹ ሌብል ሁሉ እንደ አዲስ እንዲጻፍ አዝዞ ማሽኑን ሪስታርት ማድረግ ነው። ብዙ ሰነድ ባለበት ዲስክ ላይ ይህ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ከተማችን ጄኔሬተር ወይም አስተማማኝ ዩፒኤስ ሳይዙ መጀመር አይገባም። በፐርሚሲቭ የሚታለፈው ክልከላ ሁሉ በሎግ ስለሚመዘገብ፣ ወደ «ኢንፎርሲንግ» (በእርግጥ ወደሚከለክልበት ሁኔታ) ከመሻገር በፊት መዝገቡን በጥሞና ማንበብ ይቻላል።

አንድ አጋጣሚ ልጥቀስ። የዩኒየኑ ጸሐፊ ስካን ያደረገቻቸው የአባልነት ቅጾች በራሷ ፎልደር ተቀምጠው ቆይተው በ«ሙቭ» ትእዛዝ ወደ ድረ ገጹ ፎልደር ተዛወሩ፤ የፋይሉ ፈቃድ ክፍት ሆኖ ሳለ ገጹ ቅጾቹን አላሳይ አለ። ሎጉ እንደሚያሳየው ድረ ገጹን የሚያቀርበው ፕሮግራም አፓቺ «ኤችቲቲፒዲ» በሚለው ሌብል እየሠራ «ዩዘር ሆም» የሚል ሌብል ያለበትን ፋይል ሊያነብ ሲል ተከልክሏል። ፋይል በዚህ መንገድ ሲዛወር የቀድሞ ሌብሉን ይዞ ይሄዳል፤ ኮፒ ሲደረግ ግን የሚገባበትን ፎልደር ሌብል ይወስዳል። መፍትሔው ሌብሉን በ«ሪስቶርኮን» ማስተካከል ብቻ ነበር። «ኦዲት ቱ አላው» የተባለው መሣሪያ ግን ያንኑ ሎግ ሲሰጡት አፓቺ የተጠቃሚዎችን የግል ፋይሎች በሙሉ እንዲያነብ የሚፈቅድ ሕግ ጽፎ ይሰጣል። ገጹ ይከፈታል፤ ጥበቃው ግን ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ፈርሷል። ይህን መሣሪያ ሳያነቡ እንደ መድኃኒት የሚጠቀሙትን ባለሙያዎች አጥብቄ የምመክረው፣ ሕግ ከመጨመራቸው በፊት የፋይሉን ሌብል እንዲያዩ ነው።

የ«ሚኒመም» ትልቁ ጉድለት ባለሙያውን በከንቱ ሊያረጋጋው መቻሉ ነው። ሴሊኑክስ ስለ ሁኔታው ሲጠየቅ «ኢንፎርሲንግ» ብሎ ይመልሳል፤ ሆኖም ሞጁሉ ያልበራ አገልግሎት ያለ ገደብ ይሠራል። የአባላቱ መዝገብ ያለበትን የዳታቤዝ ፕሮግራም ማሪያዲቢን የሚጠብቀው ሞጁል መነሻው በሆነው በ«ማይኤስኪውኤል» ስም ስለተቀመጠ፣ በማሪያዲቢ ስም የሚፈልገው ሰው ሞጁል የሌለ ይመስለዋል፤ የአባላቱ መዝገብም ሳይታጠር ይቀራል። ስለዚህ ሞጁሉን ካበሩ በኋላ የአገልግሎቱን ፋይሎች ሌብል ማደስ፣ አገልግሎቱን ሪስታርት ማድረግ፣ ከዚያም የፕሮሰሶቹን ዝርዝር ከነሌብላቸው አውጥቶ «አንኮንፋይንድ» (ያልተገደበ) የሚል ቃል አሁንም ያለበት መኖሩን መመርመር ያስፈልጋል። ስለዚህ ፖሊሲ የተጻፈው መመሪያም ስለ «ታርጌትድ» ከተጻፈው ጋር ሲነጻጸር በጣም ጥቂት ነው።

ሌብል ማስተዳደር የሚከብደው ሰው ሌላውን የሊኑክስ የጥበቃ ሥርዓት አፕአርሞርን ቢመርጥ አልቃወምም። እርሱ ፋይሎችን በአድራሻቸው ስለሚለይ ሕጉ ለማንበብ ይቀላል፤ ሌሎች የሊኑክስ ዓይነቶች በሆኑት በኡቡንቱም፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከወጣው ዴቢያን 10 ጀምሮ በዴቢያንም ሲጫን በርቶ ይመጣል። እኔ ሴሊኑክስን የመረጥሁት ሰነዶች ከፎልደር ፎልደር በሚንከራተቱበት ቢሮ ጥበቃው ከፋይሉ ጋር አብሮ እንዲሄድ ስለፈለግሁ ነው።

ፖሊሲው በነፃ ይገኛል። ሆኖም እያንዳንዱ የፌዶራ እትም ድጋፍ የሚያገኘው ለ13 ወራት ያህል ብቻ በመሆኑ፣ በየዓመቱ ማሻሻልና የሞጁሎቹን ዝርዝር እንደገና መፈተሽ ግድ ይላል። ለዚህ ሥራ ማዳበሪያ ከሚከፋፈልበት የክረምት መግቢያ ውጭ ያለውን ጊዜ መምረጥ፣ ኢንተርኔቱ ሲፈጥንም ፓኬጆቹን አስቀድሞ ማውረድ ይሻላል።