ለላፕቶፕ ተጨማሪ ዋስትና ወይስ የጥገና ብር?
ላፕቶፑን አሜሪካ ገዝተህ አዲስ አበባ ላለች እህትህ የምትልከው ከሆነ፣ መደብሩ የሚያቀርብልህን ተጨማሪ ዋስትና አትግዛ እላለሁ። ውሉ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እዚያው አገር ነው፤ መልሶ መላኩ ደግሞ ራሱን የቻለ ወጪ ነው። በዚያ ላይ መደበኛው ዋስትና የሚሸፍነው የፋብሪካ ጉድለትን ነው። እኔ ቡና ደፍቼበት ቁልፎቹ ተጣብቀው ሲቀሩ፣ ሰፈር ያለ ጠጋኝ ኪቦርዱን ቀይሮ በማግስቱ መለሰልኝ። ብሩን ለእንዲህ ያለው ቀን አስቀምጥላት፤ መብራት ሄድ መጣ ሲል የሚጠብቅ ስታቢላይዘርም ይገዛላት።

እዚያው አሜሪካ ይዘኸው የምትዞር ከሆነ ግን ይለያል። አፕል ለራሱ ዕቃዎች የሚሸጠው እንደ አፕልኬር ፕላስ ያለው ተጨማሪ ዋስትና መውደቅንና ፈሳሽን ጭምር ይሸፍናል፤ ለእያንዳንዱ እንዲህ ላለ ጉዳት ጥገና ግን የምትጨምረው ክፍያ አለ። ሌላ ድርጅት ከሆነ፣ «ድንገተኛ ጉዳት» መካተቱን ሳታነብ አትክፈል።