ገጥሞ መሥራት ወይስ ያለቀለትን መግዛት? የጋንዳም ሞዴልና የአኒሜ ፊገር ጎን ለጎን

ቤታችን ቡፌ ውስጥ፣ እናቴ ለእንግዳ ብቻ ከምታወጣቸው ስኒዎች አጠገብ፣ ሁለት ነገሮች ቆመዋል። አንዱ 12.5 ሴንቲ ሜትር የሚረዝም ነጭ ሮቦት ነው፤ ሌላዋ ጭንቅላቷ ከገላዋ የሚበልጥ ጸጉረ ሰማያዊ ልጅ ናት። እንግዳ ሁሉ ስኒዎቹን ትቶ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" ይላል። እናቴም "የልጄ አሻንጉሊት" ብላ ታልፈዋለች። አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) የሚያይ ጓደኛ የመጣ ቀን ግን ጨዋታው እዚያው ቡፌው ፊት ይደራል፤ መዝጊያውም ሁልጊዜ አንድ ነው፦ "መንገደኛ አግኝቻለሁ፣ አንድ ነገር ላስመጣ ነው፤ የቱን ልዘዝ?"

ሁለቱም ፕላስቲክ ናቸው፣ ሁለቱም የጃፓን ድርጅቶች ሥራ ናቸው፤ መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል። ፊገሩን፣ ማለትም ልጅቷን፣ ከካርቶኑ አውጥታችሁ ታቆሙታላችሁ፣ አለቀ። የጋንዳም ሞዴሉ፣ ማለትም ሮቦቱ፣ ግን ሲመጣ ሮቦት አይመስልም። ሳጥኑን ስትከፍቱ የምታገኙት እንደ መስኮት ፍርግርግ የተያያዙ ፕላስቲኮችና አንድ የመመሪያ ደብተር ነው። ገንዘባችሁ የገዛው ሁለት ሦስት ምሽት ነው፤ ሮቦቱ በኋላ የሚመጣ ትርፍ ነው። ይህንን ልዩነት ሳያውቅ ያዘዘ ሰው ነው ኋላ ላይ "ተበላሁ" የሚለው።

ነጩ ሮቦት

የሮቦት አኒሜው ጋንዳም በጃፓን ቴሌቪዥን የጀመረው በ1979 ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ውሰዱልኝ)። ተመልካች አጥቶ፣ 52 ክፍል ይሆናል የተባለው በ43 ተቋጨ። ነፍስ የዘራበት ድጋሚ ስርጭቱና የአሻንጉሊት ድርጅቱ ባንዳይ በሐምሌ 1980 በ300 የን ለገበያ ያወጣው ትንሽ ሞዴል ነው። "ጋንዳም"ንና "ፕላስቲክ ሞዴል"ን አሳጥረው "ጋንፕላ" አሉት፤ ስሙ እስከ ዛሬ ይኸው ነው።

ታሪኩ ራሱ ለገጥሞ መሥራት የተፈጠረ ነው የሚመስለኝ። ከዚያ በፊት የነበሩት የአኒሜ ሮቦቶች አብዛኞቹ እንደ ጀግና ነበሩ፦ አንድ ብቻ፣ የማይበገር። እዚህ ግን ሮቦቱ የጦር ዕቃ ነው። አርኤክስ-78-2 የሚል መለያ ቁጥር አለው፣ ጥይቱ ያልቃል፣ ክንዱ ይቆረጣል፣ መካኒክ ያድስለታል። የጠላት ወገን የሆነው ዛኩ ደግሞ እንደ መኪና በገፍ የሚመረት ነው። በሕዋ ላይ፣ ከሺህ ኪሎ ሜትር ርቀት መተኮስ በሚቻልበት ዘመን፣ ለምን በሰይፍ ይሞሻለቃሉ? ለዚህም መልስ ፈጥረውለታል፦ ሚኖቭስኪ የሚባል ቅንጣት ሲረጭ ራዳር ይታወራል፣ ሚሳይል መንገዱን ይስታል፣ ተዋጊው ወደ ገዛ ዓይኑ ይመለሳል። አንዷን ውሸት ከፈቀዳችሁላቸው ሌላው ሁሉ ተከታትሎ ይመጣል።

ሰዎቹ የሚኖሩባቸው የሕዋ ከተሞች ግን ከእውነተኛ ሳይንቲስት ጠረጴዛ የመጡ ናቸው። የፕሪንስተኑ የፊዚክስ መምህር ጄራርድ ኦኒል በ1970ዎቹ 32 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ ወርዱ 6.4 ኪሎ ሜትር የሆነ፣ እየተሽከረከረ የራሱን ክብደት የሚፈጥር በርሜል መሰል ከተማ አቅዶ ነበር። መሬት ላይ እንዳለነው ለመቆም በርሜሉ ሁለት ደቂቃ በማይሞላ ጊዜ አንዴ መዞር አለበት። እኔና አንድ ጓደኛዬ፣ ቡና እየጠጣን፣ ይህን ከተማ ቡፌው ውስጥ ያለው ሮቦት ባነሰበት ልክ፣ 144 ጊዜ፣ ብናሳንሰው ብለን አሰላነው፤ 222 ሜትር ወጣ። ሁለት ኳስ ሜዳ ተቀጣጥሎም አይበቃውም።

ስሌቱ ለገዢም ይጠቅማል። ታሪኩ ውስጥ ጋንዳሙ 18 ሜትር ነው። ሳጥኑ ላይ 1/144 ካያችሁ 12.5 ሴንቲ ሜትር፣ 1/100 ካያችሁ 18፣ 1/60 ከሆነ ደግሞ 30 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። ፎቶ ላይ ሁሉም እኩል ስለሚመስል ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው።

ከቁጥሩ ጎን ደረጃ ይጻፋል። ሃይ ግሬድ 1/144 ነው፤ ከ1990 ጀምሮ አለ። ማጣበቂያ አይፈልግም፣ ፕላስቲኩ በየቀለሙ ስለሚመጣ ቀለም መቀባትም ግዴታ አይደለም። ጀማሪ በአንድ ረጋ ያለ ቅዳሜ ይጨርሰዋል። እኔ ለማንም የማዝዘው ይህንን ነው።

ሪያል ግሬድ በ2010 መጣ፤ ወጥመዱም እሱ ነው። ቁመቱ ከሃይ ግሬድ እኩል 1/144 ሆኖ፣ ውስጡ አጽም አለው፣ ክፍሎቹ ብዛታቸውም ጥቃቅንነታቸውም ሌላ ነው። "መጠኑ አንድ ከሆነ የተሻለውን ልውሰድ" ያለ ሰው ይቆጨዋል። እኔም አንዱ ነኝ። ከጤፍ ብዙም የማትተልቅ ስቲከር በመርፌ ጫፍ ይዤ ትከሻው ላይ ላሳርፍ ስታገል አመሸሁ፤ ግንባሩ ላይ ካሉት ሁለት ቢጫ ቀንዶች አንዷን ደግሞ ከፍርግርጉ ስቆርጣት ቀጭ አለች። አሁንም ቡፌው ውስጥ ባለ አንድ ቀንድ ሆኖ ቆሟል። እናቴ እንደዚያ የተሠራ ይመስላታል።

ማስተር ግሬድ፣ የ1995ቱ፣ 1/100 ነው። ዋጋው ከሪያል ግሬድ ከፍ ይላል፤ ግን ክፍሎቹ ለጣት ይበቃሉ፣ ስለዚህ በኔ እጅ ይቀላል። ሁለተኛ ግዢያችሁ ይሁን። ፐርፌክት ግሬድን ለጊዜው እርሱት፤ ስሙን የሚጠይቀው ሰው ዋጋውን ሲሰማ ወሬ ይቀይራል።

መሣሪያ ላይ ስስት አያስፈልግም፣ ብክነትም አያስፈልግም። አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ትንሽ መቁረጫ ፒንሳ ካለ ጥሩ፤ ከሌለ ጥሩ የጥፍር መቁረጫ ይሠራል። ምስጢሩ ሁለት ጊዜ መቁረጥ ነው፦ መጀመሪያ ከክፍሉ ራቅ አድርጎ፣ ቀጥሎ የቀረችውን ጉጥ ተጠግቶ። በአንድ ጊዜ አጠጋግቶ የቆረጠ ሰው ሰማያዊው ደረት ላይ ነጭ ጠባሳ ያተርፋል። ጠባሳውን በአውራ ጣት ጥፍር ጠንከር አድርጋችሁ እሹት፣ ይደበዝዛል። ጉጡ ካስቸገረ ለስላሳ የብርጭቆ ወረቀት ይበቃል።

ጸጉረ ሰማያዊዋ ልጅ

ያለቀለት ፊገር ሦስት ዓይነት ነው ብላችሁ ብትይዙት ለመግዛት ይበቃችኋል።

ርካሹ የሽልማት ፊገር ነው። እንደ ሴጋ፣ ታይቶና ፉሪዩ ያሉ ድርጅቶች ለመጫወቻ ቤት ማሽን የሚያሠሩት፣ ሳንቲም ተከትቶ በብረት ጥፍር የሚነሳው። ባንፕሬስቶ የሚል ምልክትም ታያላችሁ። በጃፓን ሰው ካሸነፈው በኋላ ቶኪዮ ውስጥ አኪሃባራና ናካኖ ብሮድዌይ ባሉ ያገለገለ ዕቃ ሱቆች ሳጥኑ ሳይከፈት ይሸጣል። ጸጉሩ ላይ የመጋጠሚያ መስመር ይታያል፣ ጥላው በቀለም አልተሠራም፤ ግን ከአንድ ሜትር ርቀት ላይ ይህን የሚለየው የሰፈሩ ሰው ሳይሆን እንደ እኔ ያለ ሱሰኛ ብቻ ነው። ብር ከቆጠባችሁ አታፍሩበት።

መካከለኛው ኔንዶሮይድ ነው፤ ጉድ ስማይል የተባለው የጃፓን ድርጅት ከ2006 ጀምሮ የሚያወጣው፣ 10 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን ትልቅ ጭንቅላት። ቡፌው ውስጥ ያለችውም እሷ ናት። ውበቷ ፊቷ ላይ ነው፤ የፊተኛውን ጸጉር ነቅላችሁ ፊቷን ታወጣላችሁ፣ የሚስቀውን አንስታችሁ የሚያለቅሰውን ትገጥማላችሁ። ሰኞ ጠዋት የምታለቅሰዋን፣ አርብ የምትስቀዋን አደርጋለሁ፤ እናቴ ይህን ካወቀች ወዲህ "ዛሬ ምነው ከፋት?" ትለኛለች። ሮቦቱ ምንም ቢያደርጉት ይህን አይሰጥም።

ከላይ ያለው ባለ ልኬቱ ነው፦ 1/7፣ 1/8። ቁመቷ 165 ሴንቲ ሜትር የሆነች ገጸ ባሕርይ በ1/7 ወደ 23.5 ሴንቲ ሜትር ትመጣለች። ልብሷ ላይ ያለው እጥፋት፣ ጸጉሯ ላይ ያለው ቀስ በቀስ የሚሸጋገር ቀለም ዓይን ይይዛል። አይንቀሳቀስም፣ ውድ ነው፣ ከወራት በፊት ቀድሞ ይታዘዛል፣ ብዙ ጊዜም ይዘገያል። ለመጀመሪያ ግዢ አልመክርም፤ የሚያምራችሁ ገጸ ባሕርይ በሚቀጥለው ዓመትም የምታምራችሁ መሆኗን እስክታውቁ።

በሻንጣ ሲመጣ

ይህኛውን ሻጭ አይነግራችሁም። የፊገር ሳጥን አብዛኛው አየር ነው፤ ግልጽ ፕላስቲክ፣ መስኮት፣ ባዶ ቦታ። መንገደኛው ዘመዳችሁ ሻንጣው ሲሞላበት መጀመሪያ የሚጥለው ሳጥኑን ነው፤ ሳጥን የሌለው ፊገር ደግሞ መልሶ ለመሸጥ ዋጋው ይወርዳል፣ ጣቱም በመንገድ ሊሰበር ይችላል። ሞዴል ግን ጠፍጣፋ ፍርግርግ ነው። ሳጥኑ ቢጨፈለቅም ውስጡ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ በሸሚዞች መካከል ገብቶ ይመጣል። የሚያብለጨልጨውን ፕላስቲክ የሚያደበዝዘው የሚነፋ ቀለም ግን አብሮ እንዲመጣ አትዘዙ። ተቀጣጣይ ስለሆነ አውሮፕላን ላይ አይፈቀድም፤ ያክስቴ ልጅ ኤርፖርት ላይ በሱ የተነሳ ሻንጣዋን አስከፍተዋት ለአንድ ወር አኩርፋኛለች።

ፌኩን መለየት

ኔንዶሮይድ በብዛት ይቀዳል። የመጀመሪያዬን ከአንድ ሻጭ በግማሽ ዋጋ አግኝቼ ሎተሪ የወጣልኝ መስሎኝ ነበር። ሳጥኑን ስከፍት ነዳጅ ነዳጅ ሸተተኝ። ቆዳዋ ቅባት የጠጣ ይመስል ያበራል፣ ግራ ዓይኗ በትንሹ ወደ ጆሮዋ ሸሽቷል፤ አንገቷ ውስጥ የሚገባው እንጨት መሰል መሰኪያ ደግሞ ቀዳዳውን አያውቀውም። በምላጭ ብጠርበው ጭራሽ ላላ፤ ልጅቷ ሁልጊዜ አንገቷን ደፍታ ቀረች። ስለዚህ ዋጋው ከሌላው ቦታ ግማሽ ከሆነ፣ የሳጥኑ ጽሑፍ ከደበዘዘ፣ ሻጩም የራሱን ፎቶ ሳይሆን የድርጅቱን ፎቶ ብቻ ከላከ፣ ተዉት። የተቀዳ ጋንፕላም አለ፤ እሱ ይብሳል። ፌክ ፊገር አንድ ጊዜ ያናድዳል፣ ፌክ ሞዴል ግን መቶ ክፍል ካለው መቶ ጊዜ።

አቀማመጥ

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ፀሐይዋ ቀለም ትበላለች። መስኮት ዳር የቆመ ነጭ ፕላስቲክ ይቢጫል፣ ሐምራዊ ጸጉር ይገረጣል። በዚህ ሁለቱም እኩል ተጎጂ ናቸው። ሙቀት ላይ ግን ይለያያሉ፦ ፊገር የሚሠራበት ፒቪሲ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ በአንድ እግሩ የቆመ ቀስ በቀስ ያዘነብላል። ባሕረ ሰላጤው አገር ያላችሁ፣ በበጋ መኪና ውስጥ ረስታችሁ እንዳትወርዱ። ፒቪሲ ተዘግቶ ሲከርምም ላብ መሰል ነገር ያወጣና ይጣበቃል፤ ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ታጥቦ ጥላ ላይ ከደረቀ ይለቃል። ሮቦቱ አያልበውም፤ ነገር ግን በየመገጣጠሚያው አቧራ ይጠጣል። የእህቴ የፊት ብሩሽ ለዚህ የሚሆን ነው (እሷ ይህን እንዳታነብ)።

ታዲያ የቱን?

አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ። የ2022ቱን "የሜርኩሪዋ ጠንቋይ" የተባለውን ጋንዳም አይታችኋል እንበል፤ በቴሌቪዥን ከወጡት ዋና ዋና ጋንዳሞች ሴት ልጅን መሪ ገጸ ባሕርይ ያደረገ የመጀመሪያው ነው። ሲያልቅ ዓይናችሁ ላይ የቀረው ማን ነው? ድምጿ እየተንቀጠቀጠ የምታወራው ሱሌታ ከሆነች ኔንዶሮይድ ፈልጉ፤ ሞዴል ብትገዙ ገጥማችሁ ስትጨርሱ የሚጎድላችሁ ነገር ይኖራል። የቀረው ሮቦቱ ኤሪያል፣ ጋሻው ተበታትኖ በዙሪያው ሲበር ከሆነ፣ የኤሪያልን ሃይ ግሬድ ያዙ። ያንን መበታተን በገዛ እጃችሁ ታደርጉታላችሁ።

ሁለቱም እኩል የቀሩባችሁ፣ ወይም እጃችሁ ለጥቃቅን ነገር ይታገሥ እንደሆነ የማታውቁ፣ በ2020 የወጣውን የመጀመሪያውን ጋንዳም ኢንትሪ ግሬድ (የጀማሪ ደረጃውን) አስመጡ። ሲወጣ ዋጋው 700 የን ነበር፤ መቁረጫ አይፈልግም፣ ክፍሎቹ በጣት ይላቀቃሉ፣ ስቲከርም የለው። ግማሽ ላይ ከሰለቻችሁ የቀረውን ለእህት ወይም ለወንድም ልጅ ስጡና ለኔንዶሮይዱ መቆጠብ ጀምሩ። ጨርሳችሁት ሌሊት ክንዱን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ ራሳችሁን ካገኛችሁት ደግሞ ለሚቀጥለው መንገደኛ ሃይ ግሬድ ብላችሁ ጻፉለት፤ ሪያል ግሬድ እንዳይመጣባችሁ በትልቁ ጻፉት።