ሐይቁ ከደጅ፣ አሳው ከፍሪጅ

ባሕር ዳር ሄጄ ጢስ ዓባይን ሳላይ መመለሴን የሰማ ሁሉ ይስቅብኛል። ምን ላድርግ፣ ሆዴን ይዤ ነው የሄድኩት። ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ከሰዓት ከጣና ሐይቅ ዳር ሳልርቅ ስበላ ሰነበትኩ። መሪዬ የአጎቴ ልጅ ነበር፤ ፖሊ ቴክኒክ ተምሮ እዚያው ሥራ ይዞ የቀረ፣ ሰው ሲበላ ማየት የሚወድ ልጅ።

ዓርብ የጀመርነው ሐይቅ ዳር፣ የእግረኛ መንገዱን ተከትለው ከተደረደሩት አዳዲስ ካፌዎች በአንዱ ነው። ስሙን አልጠራም። ማማሩን ግን አልክድም፦ ዘምባባው፣ መብራቱ፣ ወንበሩ ሁሉ ፊቱን ወደ ውሃው ያዞረ። ወጣቱ ለፎቶ ወረፋ ይይዛል። (እኔም ተነሥቻለሁ፤ አራት ጊዜ።) የጾም ቀን ስለሆነ አሳ አዘዝን። አሳ ለጾም ይሆናል አይሆንም የሚለውን ክርክር ለሌላ ቀን እንተወው፤ እናቴ ብቻ ይህን እንዳታነብ።

አርባ ደቂቃ ጠበቅን። የመጣው ኮተሌት ልብሱ ወፍሮ ገላው የጠፋ ነበር። በሹካ ስጫነው ውሃ አዠ፤ አፌ ውስጥ የቀረው ጣዕም የሎሚው ብቻ። አስተናጋጁን «ወንድሜ፣ ይህ አሳ መቼ የወጣ ነው?» ብዬ ብጠይቀው ሳቅ አለና «እህቴ፣ እውነቱን ልንገርሽ? እኔም ፍሪጅ ውስጥ ነው ያገኘሁት» አለኝ። ለእውነቱ ጉርሻ ሰጠሁት። ሐይቁ ከወንበሬ ሃያ እርምጃ አይሞላም ነበር እኮ! ስፕሪሱ ግን ግሩም ነው፤ አቮካዶው ከታች፣ ማንጎው መሐል፣ ፓፓያው ከላይ፣ ሎሚ ጠብ ተደርጎበት፣ ማንኪያ ያቆማል። እዚያ ቤት ጠጡ፣ አትብሉ።

የአጎቴ ልጅ ሒሳቡ እስኪከፈል ምንም አላለም። ወጥተን ስንሄድ ነው «አሳ ደግሞ ማታ ማን ይበላል?» ያለኝ። ታዲያ ምነው ቀድሞ ቢናገር! «ፎቶውን ፈልገሽው ነበር» አለ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አጥማጁ መረቡን አመሻሽ ላይ ዘርግቶ ያሳድራል፣ ማለዳ ይሰበስባል። ስለዚህ ትኩስ አሳ የሚባለው የምሳ ነው፤ ማታ የሚቀርበው ወይ ከጠዋቱ የተረፈ ነው፣ ወይ ያው እንዳልኩት።

ቅዳሜ አምስት ሰዓት ላይ ጀልባዎቹ በሚራገፉበት በኩል አለፍን። ልጆች ቁጢጥ ብለው አሳ ይፍቃሉ፤ ፔሊካኖቹ ዳር ዳሩን ቆመው አንጀቱ እስኪወረወርላቸው እንደ ባለ ተራ ይጠብቃሉ። የምንበላበት ቤት ከዚያ ትንሽ ገባ ብሎ ነው። ስም የለውም፤ በር ላይ «ትኩስ አሳ አለ» የሚል ጽሑፍ ብቻ። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ አግዳሚ ወንበር፣ የላስቲክ ጠረጴዛ። ሐይቁ በፍጹም አይታይም፤ በመስኮቱ የሚታየው ባጃጅ የሚጠገንበት ግቢ ነው።

ባለቤቷ እትዬ ከተቀመጥን በኋላ ሜኑ አላመጡልንም፤ በሳፋ አሳውን ራሱን አመጡልን። ዓይኑ የጠራ፣ ስንጥቡን ገለጥ ሲያደርጉት ደም የመሰለ። «ምረጪ የኔ እናት» አሉኝ። ሁለት ቆሮሶ (ቲላፒያ የሚባለው አሳ) መረጥኩ። ከመዳፌ እምብዛም አይበልጡም። «ድሮ አንዱ ለሁለት ሰው ይበቃ ነበር» አሉ እትዬ፣ ይቅርታ እንደመጠየቅ።

አሁን ስለ ጥብሱ ላውራ፤ የመጣሁት ለሱ ነውና። ቆሮሶው ጎኑና ጎኑ በቢላ ጠበብ ጠበብ ተደርጎ ይተለተላል። የጋለው ዘይት ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ትልታይ ይደርቅና ይነሣል፤ ከዘይት ሲወጣ አሳው የማበጠሪያ ጥርስ መስሎ ቆሟል። ይህ ለጌጥ አይደለም። ያ ሁላችንንም የሚያስፈራን ቀጭን አጥንት አብሮ ተጠብሶ ይንኮሻኮሻል፤ ከትልታዩ ሥር ደግሞ ነጩ ሥጋ እርጥበቱን አልለቀቀም። በጣት ነቅሎ፣ ሎሚ ጨምቆ፣ ዳጣ ውስጥ መንከር ነው። ዳጣው የቃሪያ ነው፤ ነጭ ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ይሰማል፣ በሶብላው መጨረሻ ላይ ይመጣል። ጭራውን እንኳ እንደ ቆሎ ቆረጠምኩት። ለአሥር ደቂቃ ያህል ከአጎቴ ልጅ ጋር አልተነጋገርንም።

አምባዛውን በጉላሽ አዘዝነው። ቅርፊት የሌለው አሳ አይበላም የሚሉ ብዙ ናቸው፤ የአጎቴ ልጅ እናትም ቤታቸው አያስገቡትም፤ እሱ ግን ቤቱ ያላገኘውን እዚህ ይክሳል። ሥጋው ሰባ ያለ ነው፣ ድልሁን ይጠጣል። ወደድኩት፤ ግን ከቆሮሶው በኋላ ማን ያስታውሰዋል።

«ነጭ አሳስ?» ብላቸው እትዬ የለም በማለት ራሳቸውን ነቀነቁ። ጣና ውስጥ ብቻ የሚገኙ ከደርዘን በላይ የነጭ አሳ ዝርያዎች አሉ። ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት ወደ ጉማራና ወደ ርብ ወንዝ ሲወጡ ወንዙ አፍ ላይ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ እንቁላላቸውን ሳይጥሉ ይያዛሉ። ሐይቁን የወረረው አረም፣ እምቦጩም አለ፤ ከባሕር ዳር ሆኖ ብዙ አይታይም እንጂ በሰሜንና በምሥራቁ ዳር አጥማጁን ከውሃው አጣልቶታል። የመዳፌን የሚያህለው ቆሮሶ ከዚያ በኋላ ጉሮሮዬ ላይ ትንሽ ቆም አለ። በላሁት ግን።

ጉድለቱንም ልናገር። የእጅ መታጠቢያው ቧንቧ ውሃ የለውም፣ በጆግ ነው የሚፈስላችሁ። ዝንቡን በአንድ እጅ እየመከታችሁ ነው የምትበሉት። ሾርባው ቀጥኗል። ሁለት ቆሮሶ፣ አንድ ጉላሽ፣ ሁለት ለስላሳ 1,150 ብር ከፈልን፤ ዓርብ ለሁለት ኮተሌት ከከፈልነው ያነሰ።

ሆድ እንዲፈጭ ብለን አመሻሽ ላይ አዲሱን የዓባይ ድልድይ በእግር ተሻገርን። በ2016 ዓ.ም. የተመረቀው ነው፤ 380 ሜትር፣ ደርሶ መልስ ለአንድ ቆሮሶ ይበቃል።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ በጀልባ ወደ ዘጌ ሄድን፤ አንድ ሰዓት ገደማ። ገዳማቱን ተሳለምን፤ ከዚያ የጫካ ቡና የሚያፈሉ አንዲት እናት ደጅ ተቀመጥን። ዘጌ ውስጥ እንደሚተረከው አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሦስት ቦታ ሰብረው ቢተክሉት አንዱ ቡና፣ አንዱ ጌሾ፣ አንዱ ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ አገሬው ሳያርስ በሦስቱ ይኑር ተብሎ። ቅዳሜ ሎሚውን አሳዬ ላይ ጨምቄዋለሁ፣ ማታ የዳጉሳ ጠላ ስጠጣ ጌሾውን ቀምሻለሁ፣ የቀረኝ ቡናው ነበር። በዛፍ ጥላ ሥር የበቀለ፣ እዚያው ተቆልቶ እዚያው የተወቀጠ። እስከ በረካ ጠጣሁ፤ ጀልባ ነጂው ሁለቴ መጥቶ ጠራን።

ከመሳፈሬ በፊት የአጎቴ ልጅ በፌስታል የተጠቀለለ ነገር አስያዘኝ። ቅዳሜ ከእትዬ የገዛው አሳ ነው፣ በበረዶ ተሸፍኖ። «በሞቴ፣ እንደገባች ትጥበሰው ብለዋል» አለኝ። እሺ አልኩ። አዲስ አበባ የገባሁት መሽቶ፣ ደክሞኝ ነው። ዛሬ ረቡዕ ነው፤ አሳው ፍሪጅ ውስጥ ነው።