ለድሮ ቲዩብ አምፕ የሚሸጠውን የሂተር ቦርድ አትግዙ

የድሮ ቲዩብ አምፕሊፋየር ያላችሁ፣ እባካችሁ ይቺን አንብቡ። ኦንላይን ከስፒከሩ የሚሰማውን የማያቋርጥ «ጉምጉምታን ድራሹን ያጠፋል» እየተባለ አንድ ትንሽ ቦርድ ይሸጣል። የፕሪአምፕ ቲዩቦችን (ድምፁን መጀመሪያ የሚያጎሉትን) ሂተር፣ ማለትም ቲዩቡን የሚያሞቀውን ክር፣ ከኤሲ (ተለዋዋጭ) ወደ ዲሲ (ቀጥተኛ) ኤሌክትሪክ ይቀይራል ተብሎ ነው። እኔ እዚህ ሜሪላንድ 38 ዶላር ከፍዬ ገዛሁት። የ1960ዎቹ አምፔ ትራንስፎርመር በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨሰ።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ቦርዱ ኃይል የሚወስደው ከራሱ ከአምፑ ትራንስፎርመር የ6.3 ቮልት ጥቅል (የሽቦ ጥምጥም) ነው። በብዙ የድሮ አምፖች የዚህ ጥቅል መሃል ከሻሲው (ከአምፑ የብረት አካል) ጋር ተያይዟል። የቦርዱ ኔጌቲቭም ሻሲው ላይ እንዲታሰር ተጽፏል። ሁለቱ ሲገናኙ የጥቅሉ ግማሽ በዳዮድ በኩል ሾርት ያደርጋል። ሻጩ ስለዚህ አንዲት ቃል አልጻፈም። ስጠይቀው «አንተ ነህ አሳስተህ የገጠምከው» አለኝ። ገንዘቤንም አልመለሰም።

ሾርት ባያደርግ እንኳ ሒሳቡ አይሞላም። 6.3 ቮልት ኤሲ በዳዮድና በካፓሲተር ሲያልፍ፣ ጭነት ሳያርፍበት 7.5 ቮልት ገደማ ነው። ቦርዱ ላይ ያለው 7806 ሬጉሌተር (ቮልቴጁን የሚያረጋጋው ቺፕ) ደግሞ 6 ቮልት ለመስጠት 8 ያህል ይፈልጋል። ስለዚህ ቲዩቡ በቅጡ አይሞቅም፣ ድምፁም ይደክማል። ሦስት 12ኤኤክስ7 (የተለመደው የፕሪአምፕ ቲዩብ) በ6 ቮልት ዲሲ 0.9 አምፔር ሲወስዱ፣ ከትራንስፎርመሩ 1.5 አምፔር ገደማ ይጎተታል። ለ60 ዓመት ዕቃ ይህ ቀላል ሸክም አይደለም።

መጀመሪያ ጉምጉምታው ከየት እንደሚመጣ ስሙ። ከሂተር የሚመጣው 60 ኸርዝ ነው። ቀጠን ያለ፣ 120 ኸርዝ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ የፊልተር ካፓሲተር ነው፤ ቦርዱ ለዚያ ምንም አይፈይድም። አገር ቤት ላላችሁ 50 እና 100 ነው። ጥቅሉ መሃሉ ላይ ሽቦ ከሌለው፣ ከሁለቱ ጫፎች ወደ ሻሲው ባለ 100 ኦም ሬዚስተር አንድ አንድ ማሰር ብቻ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሳንቲም ነው ዋጋው!

ዲሲ የግድ ከሆነ ራሱን የቻለ 12 ቮልት ፓወር ሰፕላይ ግዙ። የፕሪአምፕ ቲዩቦቹን ከድሮው የሂተር መስመር ነቅላችሁ፣ በቲዩቡ እግር (ፒን) 4 እና 5 ላይ ስጡ፤ 9ን ባዶ ተዉት። በ12 ቮልት ሦስት ቲዩብ 0.45 አምፔር ብቻ ነው የሚፈልገው። ኔጌቲቩን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ከሻሲው ጋር እሰሩ።

ውስጡን ከመንካታችሁ በፊት ደግሞ ሶኬቱን ነቅላችሁ ካፓሲተሮቹ ባዶ መሆናቸውን በሜትር ለኩ። ከተነቀለም በኋላ ከ300 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ።